ካታሎጉ አራት መጽሐፍ ብቻ ካወጣ ርዕሱ ምንጭ የለውም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ በትግራይ የተገኘው የቅድመ አክሱም ዘመን ሸክላ ነው። በቤተ መጻሕፍታችን ካታሎግ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ጽፌ ስፈልግ ምንም አልወጣም። 'አክሱም' ብቻ ስል አራት መጽሐፍ መጣ፤ ሁለቱ የቱሪስት መምሪያ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ጽሑፎች በዶላር ክፈል ይላሉ። አማካሪዬ ምንጭ ከሌለው ርዕስ ቀይር ብለውኛል። ፕሮፖዛል ለማስገባት ሁለት ወር ቀርቶኛል። ርዕሱን ልተወው?»

ርዕሱን አይተዉት፤ የሚተወው አፈላለግዎ ነው። ስለ ቅድመ አክሱም፣ ማለትም ከአክሱም መንግሥት በፊት ስለነበረው ዘመን፣ ሸክላ ሲጻፍ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። እንዲያውም በዚሁ ርዕስ ላይ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ አለ፦ ጣልያናዊው አርኪዮሎጂስት ሮዶልፎ ፋቶቪች በ1980 ኔፕልስ ላይ ያሳተመው «ማቴሪያሊ ፔር ሎ ስቱዲዮ ዴላ ቼራሚካ ፕሬ-አክሱሚታ ኤቲዮፒካ» (ለኢትዮጵያ የቅድመ አክሱም ሸክላ ጥናት የሚሆኑ መረጃዎች)። ርዕሱ ጣልያንኛ ስለሆነ «ሸክላ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። በዚያ ላይ የወጣው የኔፕልስ የምሥራቅ ጥናት ተቋም ጆርናል ተጨማሪ እትም ሆኖ ነው። መጽሐፉ ያለው ቤተ መጻሕፍት እንኳ በጆርናሉ ስም ሥር መዝግቦት ሊሆን ይችላል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት ይስተካከል። ካታሎግ የሚነግርዎ ቤተ መጻሕፍቱ በመጽሐፍ መልክ ምን እንዳለው ነው። በጆርናል ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች አንድ በአንድ አይዘረዝርም። አንድ ጆርናል 40 ቅጽ ቢኖረውም በካታሎጉ ላይ የሚታየው አንድ መስመር ነው፤ ስሙና የትኞቹ ዓመቶች እንዳሉ። የርዕስዎ ዋና ማስረጃ ደግሞ ያለው በጆርናል በወጡ የቁፋሮ ሪፖርቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሸክላ» ብለው ካታሎጉን ቢጠይቁት ዓመቱን ሙሉ ባዶ እጅዎን ይመልስዎታል። ካታሎጉን የሚጠይቁት የጆርናሉን ስም ነው፤ የጽሑፉን ዝርዝር ሌላ ቦታ አግኝተው ይመጣሉ።

ሁለተኛው ግምት ከዚህ ይከፋል። ተማሪ ሁሉ በጉዳይ ይፈልጋል፦ ሸክላ፣ ንግድ፣ ሃይማኖት። የአርኪዮሎጂ ማስረጃ ግን የሚቀመጠው በቁፋሮ ነው፦ ማን፣ የት፣ በየትኛው ዓመት ቆፈረ፣ በምን ቋንቋ የት አሳተመ። አንድ የመቃብር ጉድጓድ ውስጥ የወጣው ሸክላ፣ ብረትና አጥንት በአንድ ሪፖርት አብሮ ይወጣል፤ በርዕሱ ላይ ያለው የቦታው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ አንድ ወረቀት ላይ የቁፋሮዎቹን ሰንጠረዥ መሥራት ነው። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቦታ፣ ቆፋሪ፣ የቁፋሮው ዓመት፣ የታተመበት ቦታና ዓመት፣ ቋንቋ።

ሰንጠረዡን ለማስጀመር ይህን ይያዙ። በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን በ1906 አክሱምንና አካባቢውን አጥንቶ ውጤቱን በ1913 በርሊን ላይ በአራት ትላልቅ ቅጾች አሳተመ። ለሸክላ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ ለቦታዎቹ ፕላንና ለፎቶግራፉ ግን እስከ ዛሬ ይከፈታል። ከዚያ የኢትዮጵያ መንግሥትና ፈረንሳዮች ያቋቋሙት የአርኪዮሎጂ ተቋም ዘመን መጣ፤ መጽሔቱ «አናል ዴትዮፒ» በ1955 መውጣት ጀመረ። ዣን ሌክላን በ1955 እና 1956 አክሱም አቅራቢያ ባሉት በሐውልቲና መላዞ የሠራው በሦስተኛው ቅጽ (1959) አለ። የእርስዎ ማዕድን ግን አምስተኛው ቅጽ (1963) ነው። ኦንሪ ደ ኮንተንሶን በሐውልቲ በ1959 የቆፈረው፣ ፍራንሲስ አንፍሬ በየሓ በየካቲትና መጋቢት 1960 የቆፈረው፣ የመጠራም የመጀመሪያ ዘመቻ በዚያው አንድ ቅጽ ውስጥ ተሰብስበዋል። አንፍሬ ወደ የሓ ተመልሶ የሠራው ደግሞ በዘጠነኛው ቅጽ (1972) ወጥቷል። ካታሎጉ ላይ አራት መጽሐፍ አየሁ ያሉት ተማሪ ይህን አንድ ቅጽ ቢከፍቱ ኖሮ ጥያቄው ባልተጻፈ ነበር።

ቀጥሎ ኔቪል ቺቲክ በ1973 እና 74 አክሱም ላይ ቆፈረ። አብዮቱ ሥራውን አቋረጠው፤ እሱም የመጨረሻውን ሪፖርት ሳያወጣ በ1984 ሞተ። በ1989 ያሳተመው ስቱዋርት መንሮ-ሄይ ነው። ይህን ማወቅ ያለብዎት ለጥንቃቄ ነው፤ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ቁፋሮውን የመራው ሰው አይደለም፤ የአፈር ንብርብሩ ትርጉም ከማስታወሻ የተለቀመ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 97 የሠራው በ2000 በሁለት ቅጽ ታትሟል። በውስጡ ኪዳነ ምሕረት የተባለው፣ አክሱም ላይ ያለ የቅድመ አክሱም ዘመን የመኖሪያ መንደር አለ፤ መቃብርና ቤተ መቅደስ ለሰለቸው ተመራማሪ የቤት ውስጥ ሸክላ የሚገኝበት ይህ ነው። ፋቶቪችና ካትሪን ባርድ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ከ1993 ጀምሮ ሠርተዋል፤ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ከ2009 ጀምሮ በየሓ ሠርቷል፤ በምሥራቅ ትግራይ የካናዳ ቡድን የቆፈረው መዝብር ደግሞ የቅድመ አክሱም ገበሬዎች መንደር ነው። መጠራ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው፤ የድሮዎቹ ሪፖርቶች ግን «ኢትዮጵያ» በሚል የጉዳይ ርዕስ ሥር ተመዝግበዋል፤ በሁለቱም አገር ስም ይፈልጉ።

ሰንጠረዡ ከተሞላ በኋላ የስም አጻጻፍ ጣጣ ይመጣል። የኮምፒውተር ካታሎግ የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። አክሱም በእንግሊዝኛ በ«ኬ» እና «ኤስ» ይጻፋል፣ በ«ኤክስ»ም ይጻፋል፤ ፈረንሳዮቹ «ኤክስ» ብለው ከ«ኤም» በፊት «ኦ» እና «ዩ» ይጨምራሉ። የሓን እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በ«ዋይ» ሲጀምሩ የ1913ቱ ጀርመኖች በ«ጄ» ጀምረዋል። ሐውልቲ በፈረንሳይኛ ያለ «ደብልዩ» ነው የሚጻፈው፤ «ኤች፣ ኤ፣ ኦ፣ ዩ» ብሎ ይጀምራል። ዘመኑም እንዲሁ ስሙ ብዙ ነው፦ አንዱ «ቅድመ አክሱም» ያለውን ሌላው «ኢትዮ-ሳባዊ» ይለዋል፣ አንፍሬ «ደቡብ ዐረብ መሰል» እና «መካከለኛ» ብሎ ይከፍለዋል፣ የፋቶቪች የኔፕልስ ቡድን ደግሞ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ «ፕሮቶ-አክሱም» ብሎ ለይቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ400 እስከ 50 ገደማ ያስቀምጠዋል። እነዚህ ስሞች እርስ በርስ አንድ ለአንድ አይገጣጠሙም። ሁለት ሪፖርት «መካከለኛ» ስላሉ ሸክላው የአንድ ጊዜ ነው ብሎ መደምደም በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር የመደርደሪያው አቀማመጥ ነው። ቤተ መጻሕፍትዎ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን አመዳደብ የሚከተል ከሆነ አንድ ርዕስ በስድስት ቦታ ይበተናል። አጠቃላይ አርኪዮሎጂ «ሲሲ»፣ የኢትዮጵያ ታሪክ «ዲቲ»፣ ሳንቲም «ሲጄ»፣ አንትሮፖሎጂና ቅድመ ታሪክ «ጂኤን»፣ የሳባና የግእዝ ጽሑፎች «ፒጄ»፣ ሸክላ እንደ ጥበብ ሲታይ «ኤንኬ» ውስጥ ነው። መጽሐፍን በቁጥር በሚከፍለው በዲዊ ዘዴ የሚመደብ ከሆነ ደግሞ 930.1 እና 963 አካባቢ ይሂዱ። ካታሎጉ ያወጣልዎትን የአንዱን መጽሐፍ ቁጥር ይዘው መደርደሪያው ድረስ ሄደው ግራና ቀኙን ማየት 10 ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ በቃል የማይገኝ መጽሐፍ በዓይን ይገኛል።

አሁን ወደ ክፍያው ጉዳይ። ማያ ገጹ ላይ የሚታየው ዋጋ የሚመለከተው ከመንገድ ለመጣ እንግዳ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎ የተመዘገበባቸው መንገዶች ካሉ እርስዎ አይከፍሉም። «አናል ዴትዮፒ» የድሮ ቅጾቹ በሙሉ «ፐርሴ» በተባለው የፈረንሳይ ማከማቻ ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ማለትም ከላይ የጠቀስኳቸው ዋና ዋና የ1950ዎቹና 60ዎቹ ሪፖርቶች ዛሬ ማታ ስልክዎ ላይ ሊወርዱ ይችላሉ። «ጆርናል ኦፍ ኢትዮፕያን ስተዲስ» እና የጣልያኖቹ «ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤቲዮፒቺ» «ጄስቶር» በተባለው የጆርናሎች የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ናቸው። ፋቶቪች ስለ ቅድመ አክሱም ዘመን በእንግሊዝኛ የጻፈው ጠቅለል ያለ ጽሑፍ በመጀመሪያው ጆርናል 23ኛ ቅጽ (1990) ይገኛል፤ ጣልያንኛው ለሚከብደው በር ከፋች እሱ ነው። «ጄስቶር» ለትርፍ ላልቆሙ የአፍሪካ የትምህርት ተቋማት በነጻ የሚከፍትበት ፕሮግራም አለው፤ ተቋሙ ግን ማመልከት አለበት። ዩኒቨርሲቲዎ ካልገባበት በግል ኢሜይል የነጻ አካውንት ከፍተው በ30 ቀን ውስጥ እስከ 100 ጽሑፍ በማያ ገጽ ማንበብ ይቻላል፤ ማውረድ ግን አይፈቀድም።

ለአዳዲሶቹ ጆርናሎች ዋናው መንገድ ለታዳጊ አገር ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚከፍተው «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ስፕሪንገር፣ ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስና ካምብሪጅ ተሳታፊዎች ናቸው፤ «አዛኒያ»ን፣ «አፍሪካን አርኪዮሎጂካል ሪቪው»ን፣ «አንቲኩዊቲ»ን የሚያሳትሙትም እነሱ ናቸው። ችግሩ የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እጅ ይቀመጣል፤ ባለሙያው ቦታ ሲቀይር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ኢንተርኔት ክፍል አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ «የኤሌክትሮኒክ መረጃ ኃላፊው ማን ነው? የሪሰርች ፎር ላይፍ የተቋሙ መግቢያ ይሰጠኝ» ይበሉ። ጥያቄው በስም ሲጠራ መልሱም ይገኛል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለጽሑፉ ደራሲ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፦ ማን እንደሆኑ፣ የትኛው ጽሑፍ፣ ለምን። አርኪዮሎጂስቶች ጽሑፋቸውን የሚያነብላቸው ሲያገኙ አይሰስቱም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መግቢያው ከተገኘ በኋላ ሙሉ የጆርናል ቅጾችን በአንድ ሌሊት ለማውረድ አይሞክሩ። አሳታሚዎች እንዲህ ያለውን የጅምላ ማውረድ በማሽን ይለያሉ፤ የሚዘጋውም የእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው መግቢያ በሙሉ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚማር ዘመድዎን የይለፍ ቃሉን እንዲልክልዎ መጠየቅም ያው ነው፤ አካውንቱ ይታገድበታል። ዘመድዎን የሚጠይቁት በሕጋዊው መንገድ የሚያገኘውን ነው። የፋቶቪችን የ1980 መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ውሰት አስመጥቶ የሚያስፈልግዎትን ገጾች ብቻ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ።

ከኢንተርኔቱ የማይገኘውን ለማግኘት አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ይምጡ። መድረሻዎ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ተቋሙ ከ1963 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሲሰበስብ የኖረ ነው፤ ከየትኛውም የክልል ዩኒቨርሲቲ ይልቅ ለእርስዎ ርዕስ የሚቀርበው እሱ ነው። ከትምህርት ክፍልዎ የትብብር ደብዳቤ በማኅተም፣ መታወቂያዎን፣ ጉርድ ፎቶም ይያዙ። በደብዳቤው ላይ «ለጥናትና ምርምር» ከማለት ይልቅ ርዕስዎና የሚፈልጓቸው ጆርናሎች ስም እንዲሰፍር ያድርጉ። መጽሐፉ የሚነበበው እዚያው ነውና የመጀመሪያው ቀን የሚባክነው በመፈለግ እንዳይሆን የሰንጠረዡን ዝርዝር በቅጽና በገጽ ጽፈው ይሂዱ። አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍትም «አናል ዴትዮፒ»ን አሁን የሚያዘጋጀው እሱ ስለሆነ መታየት አለበት። ሦስተኛው የቅርስ ባለሥልጣን ነው። የቁፋሮ ፈቃድ የወሰዱ ቡድኖች የመስክ ሪፖርት ያስገቡለታል፤ ብዙዎቹ ሪፖርቶች ሳይታተሙ የሚቀሩ ናቸው። ማንበብ ቢፈቀድልዎ እንኳ ያልታተመ ሥዕልና ቁጥር ያለ ቆፋሪው ፈቃድ በጽሑፍዎ ውስጥ ማውጣት አይቻልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ማከማቻው ላይ አሉ፤ ለዋቢ ዝርዝራቸው ያንብቧቸው እንጂ ለማስረጃ አይጥቀሷቸው። አንዱ ተማሪ ከሌላው የገለበጠው የገጽ ቁጥር ስሕተት ስንት ጽሑፍ ውስጥ እንደዞረ ብታዩ ይገርማችኋል።

የሸክላ ሥዕል ሲቀዱ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስኬሉ፣ ማለትም ሥዕሉ ከእውነተኛው ዕቃ ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚያሳየው መጠን። የሸክላ ሥዕል ከመካከል በቀጥታ መስመር ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን ግድግዳው ተቆርጦ ውፍረቱ ይታያል፣ በሌላው የውጭ ገጹ። አፉ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚለካው ከዚያ ሥዕል ላይ ነው። በ1፡4 የተሣለ፣ አፉ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማሰሮ ወረቀቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ፋይሉን ሲያትሙ ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን መርጦ ወደ 90 በመቶ ቢያሳንሰው 4.5 ይሆናል፤ በአራት ሲያባዙት ማሰሮዎ 18 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ያርፋል። በአንድ ሸክላ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በ80 ሸክላ ላይ ግን የሌለ የቅርጽ ልዩነት ይፈጥራል። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር ያለው የስኬል መስመር በፎቶው ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ፤ «1፡4» የሚለው ጽሑፍ ሲያንስ ይዋሻል፣ መስመሩ ግን አብሮ ያንሳልና አይዋሽም። መስመር ከሌለው ገጹ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠው ያንሡ። ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ ያድርጉ፣ ፍላሽ ያጥፉ፣ መግለጫ ጽሑፉን ለብቻው ያንሡ። ስካነር ካለ ለጽሑፍ 300፣ ለመስመር ሥዕል 600 ዲፒአይ ያድርጉት። በ«አናል ዴትዮፒ» የሥዕል ገጾቹ ከጽሑፉ ተለይተው ወደ ኋላ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በዋቢው ላይ ያለውን የገጽ ቁጥር ብቻ ያወረደ ሰው ጽሑፉን ይዞ ሸክላውን ጥሎ ይሄዳል።

ፈረንሳይኛ አላውቅም ብለው አይፍሩ፤ የቁፋሮ ሪፖርት ደረቅ ነው፣ ቃሉ ይደጋገማል። «ተሶን» ገል ነው። «ፓት» ሸክላው የተሠራበት ጭቃ፣ «አንጎብ» ከመተኮሱ በፊት የተቀባው ቅብ፣ «ኮል» አንገት፣ «ፓንስ» ሆድ፣ «አንስ» ጆሮ፣ «ሌቭር» የአፉ ከንፈር፣ «ኩሽ» የአፈር ንብርብር፣ «ሶንዳዥ» የሙከራ ጉድጓድ። በጣልያንኛ «ኢምፓስቶ» ጭቃው፣ «ኦርሎ» የአፉ ጠርዝ፣ «ስትራቶ» ንብርብር ነው። ማሽን እንዲተረጉምልዎ ማድረግ ይቻላል፤ ግን እነዚህን ቃላት ካላወቁ «ፓት»ን ሊጥ፣ «ኮል»ን የሸሚዝ ኮሌታ ሲያደርግብዎ አያስተውሉም። ከ40 የማይበልጥ የራስዎን መዝገበ ቃላት ይሥሩ፤ ከሦስት ሪፖርት በኋላ አዲስ ቃል እየቀነሰ ይሄዳል።

ዘመን የሚወሰንበትን ቁጥር ከድሮ ሪፖርት ሲወስዱ በጣም ይጠንቀቁ። «2450 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 50 ቢፒ» የሚል የካርቦን ውጤት ሲያገኙ ከ1950 ጋር አቀናንሰው «ከክርስቶስ ልደት በፊት 500» ብለው ቢጽፉ ስሕተት ነው። «ቢፒ» ማለት ከ1950 ወደ ኋላ የተቆጠረ የካርቦን ዓመት ነው፤ ቁጥሩ ጥሬ ስለሆነ በካሊብሬሽን ወደ እውነተኛ ዓመት መቀየር አለበት፣ የ1970ዎቹ ሪፖርቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥሬውን ነው የሚሰጡት። ቁጥሩን በነጻ በሚገኘው «ኦክስካል» የካሊብሬሽን ፕሮግራም ላይ «ኢንትካል 20» በተባለው የማስተካከያ መስመር ቢያስገቡት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ760 እስከ 410 ገደማ ተለጥጦ ይወጣል። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን ያ የማስተካከያ መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነና የተለያዩ ዓመቶች ተመሳሳይ ቁጥር ስለሚሰጡ ነው። የቅድመ አክሱም ዘመን ዋናው ክፍል የተቀመጠው እዚያው ጠፍጣፋ ላይ ነው። ስለዚህ «ይህ ማሰሮ ከዚያኛው በ100 ዓመት ይቀድማል» የሚል መከራከሪያ በአንድ የካርቦን ውጤት ላይ አይቁም።

የዘመን አቆጣጠሩም ያጠምዳል። በአማርኛ ደብዳቤ ወይም ሪፖርት ላይ «በ1966 ዓ.ም. አክሱም የተደረገው ቁፋሮ» ቢል የቺቲክ የ1973/74 ሥራ ነው፤ በአውሮፓ 1966 ደግሞ አንፍሬ በአክሱም ዳር ያለውን የዱንጉር ፍርስራሽ መቆፈር የጀመረበት ዓመት ነው። ሁለቱ ቢምታቱ ሰባት ዓመትና ሌላ ቆፋሪ ያሳስታሉ። የኢትዮጵያውያን ደራሲዎች ስምም በውጭ ካታሎጎች ይገለበጣል፤ አበበ ከበደ የተባለ ሰው «ከበደ፣ አበበ» ሆኖ ይመዘገባል። በሁለቱም ይፈልጉ፣ በራስዎ ዋቢ ግን አንድ ወጥ አድርገው ይያዙ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሚሰጡትን የዋቢ ዝርዝር ሳያጣሩ አይቀበሉ። እውነተኛ ጆርናልና እውነተኛ ደራሲ ይወስዱና የሌለ ጽሑፍ ይፈጥራሉ። ለእርስዎ ቀላል መፈተኛ አለ፦ «አናል ዴትዮፒ» 15ኛው ቅጽ በ1990፣ 16ኛው በ2000 ነው የወጣው። በመካከሉ ባለ ዓመት፣ ለምሳሌ በ1994፣ በዚህ ጆርናል ላይ ወጣ የተባለ ጽሑፍ ካዩ ይጣሉት። የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይም የ1990ዎቹ ቅጾች ቢጎድሉ ተሰርቀው አይደለም።

ቤተ መጻሕፍት ሊሰጥዎ የማይችለው ነገርም አለ። የ1950ዎቹና 60ዎቹ ቆፋሪዎች ያሳተሙት የመረጡትን ነው፤ ያማረውን፣ ያጌጠውን፣ ሙሉ የሆነውን። ከሆድ የተሰበረው ተራ ገል ብዛቱ አልተመዘገበም። ስለዚህ «በሐውልቲ ጥቁር ሸክላ ስንት በመቶ ነው?» የሚል ጥያቄ ከእነዚህ ሪፖርቶች መልስ የለውም፤ ከታተሙት ሥዕሎች ቆጥሮ መቶኛ ማውጣት የቆፋሪውን ምርጫ መቁጠር ነው። የብዛት ጥያቄ ከ1990ዎቹ ወዲህ በተደረጉት ቁፋሮዎች ላይ ብቻ ይቅረብ። የጭቃው ዓይነትም ከሥዕል አይታወቅም፤ «ቀይ» ተብሎ የተጻፈው ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ የሚነግርዎ የቀለም ሰንጠረዥ የለም። ይህን ለማወቅ ገሉን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የሙዚየም መጋዘን ፈቃድ ነው፣ በሁለት ወር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። «በትግራይ የተገኘው የቅድመ አክሱም ሸክላ» ለማስተርስ ይሰፋል። ከሐውልቲ፣ ከየሓ መቃብሮችና ከኪዳነ ምሕረት መንደር የታተሙትን ሸክላዎች በቅርጽና በጌጥ ብቻ ያነጻጽሩ፤ የመቅደስ፣ የመቃብርና የቤት ሸክላ ይለያያል ወይ የሚል ጥያቄ ያንሡ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰንጠረዡን ይሙሉ፣ ከ«ፐርሴ» ሦስተኛ፣ አምስተኛና ዘጠነኛ ቅጾችን ያውርዱ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት ሥዕሎቹን ብቻ ይቁጠሩ፤ ጽሑፉን ገና አያንብቡ። ስኬል ያላቸው፣ የወጡበት ንብርብር ወይም መቃብር የተጠቀሰላቸው ሥዕሎች በድምሩ ከ60 ካነሱ፣ ወይም ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ ከ15 በታች ከሆነ፣ ያንን ቦታ አውጥተው በመጠራ ይተኩት። አራተኛው ሳምንት የስድስት ኪሎ ነው፤ የ2000ውን የፊሊፕሰን ሪፖርት ሁለቱንም ቅጽ፣ ካለም የፋቶቪችን የ1980 መጽሐፍ እዚያ ይጨርሱ። ከዚያ ሰንጠረዡን ይዘው አማካሪዎ ጋ ይግቡ። «ምንጭ አለ» ብለው አይከራከሩ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና የሥዕሎቹን ድምር በጣትዎ ያሳዩዋቸው።